ፕሮሰሰሩን ራሴ አንብቤ ስገዛ

ሁለተኛውን የሽመና ዕቃዬን ሸጬ የጥፍር ያህል ነገር ገዛሁ። ባለቤቴ ታሪኩን የምትጀምረው እንዲህ ነው፤ ለጎረቤትም፣ ለመጣ ዘመድም። ትንሽ ታጋንናለች። የገዛሁት ከጥፍር ይበልጣል፣ የክብሪት ቀፎ ያህላል። ፕሮሰሰር ይባላል፤ ኮምፒውተር የሚያስብበት ጭንቅላቱ ነው። የሽመና ዕቃውን መሸጤ ግን እውነት ነው። ሁለት ነበሩኝ፣ አሁን አንድ ነው ያለኝ።

ሽሮ ሜዳ ነው የምሠራው። ሸማኔ ነኝ፣ አባቴም ሸማኔ ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ የሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ አስቀምጦ ማግ በቀሰም አስጠቀለለኝ እንጂ ደብተር አላስያዘኝም። እኩዮቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው «ቁጢት በጣሽ» ብለው ሰድበውን ያልፉ ነበር። አባቴ ቀና ብሎም አያያቸውም። «ሸማ ሳይለብስ የሚኖር የለም፣ ሳያነብ የሚኖር ግን ሞልቷል» ይለኝ ነበር። ሲሞት አልቅሼለታለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ ግን አልልም።

ፊደል የቆጠርኩት፣ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ እያለ፣ አብረውኝ የጀመሩት ግማሾቹ እያቋረጡ። ትምህርት ወድጄ አይደለም የገባሁት። ወንድሜ ነው ያስገባኝ፣ ሳያውቀው።

ወላጆቻችን ወደ ቁስቋም መውጫ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። እናታችን በሞተች በዓመቱ ወንድሜ ወረቀት ይዞ መጣ። እሱ ተምሯል፤ አባታችን ለእሱ ሲሆን ደብተር አላጣም። «ምንድን ነው?» አልኩት። «የመብራት ቆጣሪው በእናታችን ስም ነው፣ ወደ እኛ ማዛወሪያ ነው» አለና ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። በሚያምር ድምፅ ነው ያነበበልኝ፤ የቆጣሪውን ቁጥር ሳይቀር ጠራ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሻራዬን አሳረፍኩ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ግን ከቤቱ ድርሻዬን ትቻለሁ የሚል ነው። ይህን ያወቅኩት ቤቱ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው። ስለ ቆጣሪ አንድ ቃል አልነበረበትም። ቁጥሩን ከራሱ ፈጥሮ ነው ያነበበልኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም እንዲያነብልኝ አልፈቅድም። የመድኃኒት ካርቶን ይሁን የዕድር ማስታወቂያ፣ ራሴ ካላነበብኩት ለእኔ አልተጻፈም። ሰው ቆሞ ቢጠብቀኝም ይጠብቃል።

ልጄ የጥበብ ንድፍ ትሠራለች። እኔ በድርና ማግ የማወጣውን ጥለት እሷ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ትሥለዋለች፤ የምስል ሰው ቀሚሱን ለብሶት ሲዞር እስኪታይ ድረስ። ሙሽሮች ይህን አይተው ነው የሚያዝዙት። እስካሁን ሥራ ያላጣነው በእሷ ነው። ችግሩ ላፕቶፗ ነበር። አንዱን ምስል ለመጨረስ ከጠዋት እስከ ምሳ ይፈጅበታል። ሙሽራ ደግሞ እስከ ምሳ አትጠብቅም፤ ተነሥታ የማሽን ጥበብ ወደሚሸጥበት ሱቅ ትሄዳለች። አንድ ወር ሙሉ ሁለቱም የሽመና ዕቃዎቼ ድር ሳይወጠርባቸው የተቀመጡበት ጊዜ ነበር።

«አባዬ፣ ሙሉ አዲስ ኮምፒውተር አቅማችን አይደለም» አለችኝ ልጄ። «ርካሽ ፕሮሰሰር ገዝተን ራሳችን እንገጣጥመው። ከዚያ ኦቨርክሎክ እናደርገዋለን።»

«ምን እናደርገዋለን?»

«ፋብሪካው በዚህ ፍጥነት ሥራ ብሎ ይለቀዋል። ግን ትንሽ አቅም ውስጡ ያስቀርለታል። እኛ እሷን እናወጣታለን። ከተባለው በላይ እናስሮጠዋለን ማለቴ ነው።»

ወዲያው ገባኝ። ነጋዴዎች በእኔ ላይ ሠላሳ ዓመት ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

«እሺ» አልኳት። «አንዱን የሽመና ዕቃ እሸጠዋለሁ። ፕሮሰሰሩን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«አዎ፣ አንብቤ።»

ባለቤቴ እንዝርቷን አቆመች። «በእንግሊዝኛ ነው እኮ የሚጻፈው፣ አንተ ሰው!»

«ቁጥሩ ይበዛል» አልኳት።

ከልጄ የበለጠ አውቃለሁ ማለቴ አልነበረም። በሰው ንባብ ቤት አጥቻለሁ። የሽመና ዕቃዬንም የማጣው ከሆነ በራሴ ንባብ ልጣው፤ ሐሳቤ ይሄው ነበር። ልጄ ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረችኝም።

ዕቃውን የገዛኝ የሰፈራችን ሸማኔ ነው። እንጨቱን ነቃቅሎ ሲወስድ እግር የሚገባበት ጉድጓድ ብቻ ቀረ። ባለቤቴ ሳንቃ ከደነችበት። «ኮምፒውተራችሁን እዚህ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ መቃብሩ ላይ» አለች።

ልጄ ከኢንተርኔት ላይ ወረቀት አሳተመችልኝ። አንድ ወር አነበብኩ። ወረቀቱን ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ መወርወሪያዬን እየወረወርኩ ነው የማነበው። ያልገባኝን ቃል በእርሳስ አሠምርበታለሁ፤ ልጄ ስትመጣ ትርጉሙን ትነግረኛለች። እንድታነብልኝ ግን አልፈቀድኩም። በራሴ መንገድ ተረዳሁት። ኮር የሚሉት እጅ ነው፤ ስድስት ኮር ካለው አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሸማኔ ተቀምጧል ማለት ነው። ጊጋኸርዝ የሚሉት መወርወሪያዋ የምትመላለስበት ፍጥነት ነው። ብዙ ሸማኔ ሰብስበህ ሁሉም ቀርፋፋ ከሆነ ምን ይጠቅምሃል? አንድ ፈጣን ሸማኔም ብቻውን የሙሽራና የሚዜዎች ልብስ አያደርስም።

ፕሮሰሰር የሚሠሩት ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። እኔና ልጄ በካርቶናቸው ቀለም ነው የምንጠራቸው፣ ሰማያዊውና ቀዩ። ሰማያዊው ርካሾቹን ቆልፎ ነው የሚሸጠው፤ ከተባለው ፍጥነት በላይ ንቅንቅ አይሉም። ያልተቆለፈ ካሰኘህ ውዱን ግዛ። ለእሱ የሚሆነው ማዘርቦርድም፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ ማለት ነው፣ ውድ ነው። ቀዩ ርካሾቹንም አይቆልፍም። ግን እዚያም ወጥመድ አለ። በጣም ርካሹ ሰሌዳ ላይ ከሰካኸው ፕሮሰሰሩ አለመቆለፉ ምንም አይፈይድልህም፤ ሰሌዳው ራሱ አያስሮጥህም። ይህን ያገኘሁት ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በደቃቅ ጽሑፍ ነው። ልጄ አላየችውም ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ መረጥኩ። የቀዩን፣ ባለስድስት ኮሩን፣ አዲሱን ሳይሆን ከእሱ ቀድሞ የወጣውን፣ ከመካከለኛ ሰሌዳ ጋር። ልጄ የፈለገችው ስምንት ኮር ነበር።

«ስምንቱን ከገዛን ትልቁን ማቀዝቀዣ ፋን አንገዛም» አልኳት። «ሲፈጥን ይግላል። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ፋን አይችለውም። አንብቤዋለሁ።»

«ይሁን አባዬ» አለች እየሳቀች፤ «ያነበብከው አንተ ነህ።»

የገዛሁት አዲሱ ገበያ፣ ፎቅ ላይ ካሉት ትንንሽ ሱቆች ከአንዱ ነው። ባለሱቁ ስልጤ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ነው የሚቆመው።

«ጋሼ፣ ለልጅዎ ነው? ለጌም?» አለኝ።

«ለጥበብ።»

«ለምን አሉኝ?»

«ለቀሚስ።»

አጠገቡ ያለው ሞባይል ጠጋኝ ሳቀ። እኔ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ እንደሆንኩ፣ ልጄም ጥለቱን በኮምፒውተር እንደምትሥል ነገርኩትና ወረቀቴን አውጥቼ የምፈልገውን ከፊደሉ እስከ ቁጥሩ አነበብኩለት። ካርቶኑን አመጣ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁት፤ ደግሜ አስተያየሁት። ከዚያ «ክፈተው» አልኩት። ጥበብ የሚያውቅ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ አይገዛም፣ ገልብጦ ያየዋል። የሸማኔ ሌብነት የሚታየው ጀርባው ላይ ነው። ፕሮሰሰሩንም ገለበጥኩት። ከመርፌ የቀጠኑ እግሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረውበታል። የተጣመመ እንዳለ ረድፍ በረድፍ አየሁ።

«ጋሼ፣ እግሩን ቆጥረው እስኪጨርሱ ወላሂ የእኔ ልጅ ትዳር ይይዛል» አለ።

«ይያዝ» አልኩት።

አልተቀየመም። ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሰጠኝ «ብቻ አየር አይከልክሉት፣ ብዙ ዘመን ያገለግልዎታል» አለኝ። ነጋዴ ሲሸኝህ የሚለው አያጣም። ወረቀቴ ላይ አልነበረም፣ ጆሮዬም ላይ አልቆየም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ገጣጠምነው። እኔ ከወረቀቱ እያነበብኩ፣ ልጄ እየሰካች። በፕሮሰሰሩና በፋኑ መካከል የሚገባውን ቅባት የሩዝ ፍሬ ያህል ጠብ አደረገችበት። ከተነሣ በኋላ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ጨመርንለት። ትንሽ እንጨምራለን፣ እንሞክረዋለን፣ ሙቀቱን እናያለን፣ እንደገና እንጨምራለን። አንዴ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ፤ አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግነውና ረጋ። ከዚያ ልጄ የአንድ ሙሽራ ቀሚስ አስጀመረችው። ከጠዋት እስከ ምሳ ይፈጅ የነበረው ሥራ ምሳችንን በልተን ሳንጨርስ አለቀ።

«እሰይ!» አለች ባለቤቴ። ትንሽ ቆየችና «የሽመና ዕቃው ግን ሄደ» አለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቤታችን አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። እኔ የምሸምነው፣ ባለቤቴ የምትፈትለው፣ ኮምፒውተሩም ያለው እዚያው ነው። የጥጥ ብናኝ ቤት ውስጥ እንደ ጉም ነው፤ ሻይ ስትጠጣ ጥጥም ትጠጣለህ። በሦስተኛው ቀን ብናኙ የፋኑ ክንፍ ላይ ተጠምጥሞ አየሁት። ደግሞም እኛ ቤት ውድ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው፣ ፍሪጁ ልብስ አለው፣ ሬዲዮውም በሕይወት ሳለ ነበረው። ስለዚህ ለኮምፒውተሩም ሸመንኩለት። እንደ ጋቢ ደራርቤ፣ ከአናቱ እስከ ሳንቃው የሚደርስ፣ ዳሩ ላይ ቀይ ጥለት ያለው፤ ቀዩ ኩባንያ ነውና። ገመዶቹ የሚወጡበትን ቀዳዳ ብቻ ተውኩለት። ሲሠራም አላወልቅለትም ነበር። ብናኙ የሚነሣው እኔም ስሠራ ነዋ።

ወረቀቱ ስለ ሙቀት ሙሉ ገጽ ይናገራል። ስለ ጨርቅ ግን አንድ ቃል የለበትም። ኮምፒውተር የሚያለብስ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ባለበስኩት በማግስቱ መጥፋት ጀመረ። ልጄ አንዲት ሙሽራን ከእናቷ ጋር አስቀምጣ ምስሉን ልታሳያቸው ስትል ድርግም። አስነሣችው፣ ደግሞ ድርግም። ሙሽራዋ «ሌላ ቀን እንመጣለን» አለች። እንደማትመጣ ሁላችንም አውቀናል። ልጄ ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው መለሰችው፤ ትንሽ ቆይቶ ያም ጠፋ።

«ሙቀቱ እየጨመረ ነው» አለች።

«ትልቁን ፋን ገዝተንለታል» አልኳት።

ልብሱን ማንሣት ለእሷም አልታያትም። ልብስ በለበሰ ዕቃ መካከል ነው ያደገችው። ባለቤቴ ጉድጓዱ ላይ የከደነችውን ሳንቃ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

እኔ ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነው። አገልግሎ የተቃጠለ ዕቃ አሽጎ ሰጥቶኛል። ያው የቆጣሪው ወረቀት ነው፣ እንደገና መጣ።

ልብሱን ገፍፌ፣ ኮምፒውተሩን አቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «ፋዘር፣ ይሄኛው ለብቻው ይከፍላል» ሲለኝ ስድቡን በእሱ ጀመርኩ። ፎቁን ወጣሁ። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ።

«ሌባ!» አልኩት ገና ከበሩ።

«ጋሼ፣ ይረጋጉ። ምን ሆኑ?»

«የተጻፈው ሌላ፣ የሰጠኸኝ ሌላ! ማንበብ የማይችል ሽማግሌ መሰልኩህ? ሌባ ነህ!»

ደንበኞቹ ዞር ዞር አሉ። ሞባይል ጠጋኙ መፍቻውን አስቀመጠ። ባለሱቁ ፊቱ ጠቆረ። ኮምፒውተሩን ተቀብሎኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፣ ገመዱን ሰካ፣ ያለ የሌለ አቅሙን የሚያስወጣ ሙከራ አስጀመረው። በርጩማ ሰጠኝ። የዙህር ሶላት ሲደርስ «እዚሁ ሆነው ይዩት» ብሎኝ ሄዶ ሰግዶ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ደንበኞቹ ተቀያየሩ፣ አልጠፋም። የሙቀቱን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። አነበብኩት፤ ዝቅተኛ ነው።

«ቤት ሲሄድ ምን እየሆነ ነው ጋሼ?»

«አንተ ፊት ይሠራል፣ እኔ ፊት ይጠፋል። የሆነ ነገር አድርገህበታል» አልኩትና አቅፌው ወጣሁ። ቤት ገባሁ፣ ሰካሁት፣ ልብሱን አለበስኩት። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ጠፋ።

በማግስቱ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ባለሱቁ ነው። ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶ «ልጁ በኮምፒውተር ጥበብ የምትሠራለት ሸማኔ» እያለ ጠይቆ ነው ያገኘን። ግባ ብንለው በሩ ላይ ቆመ።

«ሰው ፊት ሌባ ብለውኛል» አለ። «ብሩን ልመልስ ብል ሌባ መሆኔን አመንኩ ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ያሳዩኝ።»

«ያውልህ» አልኩት።

ገባና ሳንቃው ፊት ቁጢጥ አለ። የልብሱን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ገለጥ አደረገው። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፣ ወዲያው መልሶ አወጣው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነዋ።»

«ሲሠራም ለብሶ ነው?»

«ብናኙን አታይም እንዴ?»

ወደ እኔ ዞረ። «እንጦጦ ላይ የሚሮጡትን አትሌቶች አይተው ያውቃሉ?»

«በየቀኑ ነው የማያቸው። ምን አገናኘው?»

«ጋቢ ተከናንቦ የሚሮጥ አይተዋል?»

መጀመሪያ የሳቀችው ባለቤቴ ናት። እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፣ በኋላ እሷም አልቻለችም። እሱ ግን አልሳቀም።

«ስሸጥልዎት ነግሬዎታለሁ» አለኝ። «አየር አይከልክሉት ብዬዎታለሁ።»

ብሎኛል። ሲለኝ የነበረበት ቦታ፣ ዕቃውን የጠቀለለበት ላስቲክ ሳይቀር ትዝ አለኝ። የሰማሁት ቃል ነበር፣ ግን ስላልተጻፈ አልቆጠርኩትም።

ልብሱን ገፈፍኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠፋም። ልጄ ፍጥነቱን እሁድ ወደነበረበት መለሰችው፤ ያንንም ቻለው። ባለሱቁ ሻይ እንኳ አልቀመሰም፣ «ሱቅ ሰው አስጠብቄ ነው የመጣሁት» ብሎ ተነሣ። በሩ ድረስ ሸኘሁት። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው «በዚያኛው መንገድ ብትወርድ ይቀርብሃል» የሚል ነው።

ለብናኙ ሌላ መላ አበጀሁ። ከነጠላ የሳሳ፣ ወንፊት የሚመስል ጨርቅ ሸምኜ አየር በሚገባበት በኩል ብቻ ወጠርኩለት። ልጄ በየሳምንቱ ታጥበዋለች። ባለቤቴ ከላዩ የተሰበሰበውን ጥጥ ትለቅምና «ይሄም ይፈተላል» ትላለች። እየቀለደች ይሁን አይሁን አላውቅም።

የቀረው ይቅርታው ነው።

«ሰው ፊት ነው የሰደብከው» አለችኝ ባለቤቴ። «ስድቡም ሰው ፊት ነው የሚነሣው።»

ትክክል ናት። ግን ሦስት ቀን አፌ ውስጥ አገላበጥኩት፣ አልሆነም። ስድብ ከእኔ አፍ ሳይጠሩት ይወጣል። ይቅርታ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ አባቴ ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ ወንድሜም እስከ ዛሬ አላለኝም። በአራተኛው ቀን ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩት። ለሌላ ሰው ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ልጄ ከትከሻዬ በላይ አየችና «ላስተካክልልህ?» አለችኝ። «አትንኪው» አልኳት።

የኮምፒውተሩን ልብስ አጣጥፌ ያዝኩና አዲሱ ገበያ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች አሉ፣ ሞባይል ጠጋኙም አለ። ባለሱቁ ሲያየኝ ቀና አለ። ወረቀቱን አወጣሁ። ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ አነበብኩ፦

«እኔ እዚህ ቆሜ ይህን ሰው ሌባ ብዬዋለሁ። ሌባ አይደለም። ሌባ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ዕቃው ደህና ነው። ኮምፒውተሩን ጋቢ ያለበስኩት እኔ ነኝ። አየር አይከልክሉት ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ይቅርታ።»

ጋቢ የሚለው ላይ ሞባይል ጠጋኙ ሊስቅ ጀመረና ተወው። የእኔ ድምፅ እንደ ወንድሜ አያምርም፤ ሁለት ቦታ ላይ ተደናቅፌያለሁ። ግን ያነበብኩት ሁሉ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው፣ የፈለገ ሰው ተቀብሎኝ ማየት ይችላል።

ባለሱቁ ተቀበለኝና አየው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሌባ የሚለውን ደጋገሙት እኮ።»

«ደጋግሜ ስለሰደብኩህ ነው» አልኩት።

ያን ጊዜ ሳቀ። ልብሱን ሰጠሁት። ዘረጋው፣ ቀዩን ጥለት አየ፣ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየ። እኔን አይቶ መሆን አለበት የለመደው።

«ለእናቴ ቴሌቪዥን አደርገዋለሁ» አለ።

«ስትከፍተው ታውልቅለት» አልኩት።